ለአንዲት ሶኬት የሚገባ ክብር

ልደታ ውስጥ ጎበዝ የመኪና ኤሌትሪሺያን የተሳቢ የኋላ ካሜራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚመረምረው ካሜራውን ሳይሆን የገመዱን ሶኬት ነው። ልክ ነው፤ ተሳቢው በተፈታና በተቀጠለ ቁጥር የምትነቀለው፣ የአፋርን አቧራና የጅቡቲን ጨዋማ እርጥበት የምትጠጣው እሷ ናት። መዳቧ አረንጓዴ ዝገት ሲያወጣ ምስሉ ይጠፋል፤ ካሜራውና ረጅሙ ገመድ ግን ደህና ናቸው። ታዲያ የተበላውን ቆርጦ፣ ሽቦውን እስኪያብረቀርቅ ፍቆ፣ ከአዲስ ሶኬት ሽቦ ጋር ቀለሙን ከቀለሙ አገናኝቶ በሊድ መበየድ ሁሉንም ከመለወጥ ይሻላል።

«የተቀጠለ ገመድ አይታመንም» የሚል አይጠፋም። በፕላስተር ብቻ ለተጠቀለለው እውነት ነው። የምስሉን ሽቦ የከበበው መረብ ተመልሶ ከተያያዘ፣ መጋጠሚያው ውሃ እንዳያስገባ ከታሸገና እንዳይጎተት ከታሰረ ግን ቅጥሉ ይቆያል። የሚደነቀውም ቁጠባው ብቻ ሳይሆን የታመመውን ከጤነኛው የመለየት ጥበቡ ነው።