ብሎክና ብሎክ ሲገናኙ፦ የፎሊ ኮቭ ተማሪዎች የሊኖሊየም ህትመት በጨርቅ ላይ

ሊኖሊየም ቀርጾ ጨርቅ ላይ ማተም በብዙ የሥነ ጥበብ ክፍሎች ለተማሪ የሚሰጥ የተለመደ ሥራ ነው። ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ይመሳሰላል። አንድ ወፍ፣ አንድ ቅጠል ወይም አንድ ፊት በአቡጀዲ መሀል አንዴ ታትሞ ያበቃል። ተማሪው ወረቀት ላይ ሊሠራው የሚችለውን ጨርቅ ላይ ሠራው፤ ጨርቁ ምንም የተለየ ጥያቄ አላነሳበትም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ጨርቅ የራሱ ጥያቄ አለው፣ ጥያቄውም የሚነሳው አንዱ ብሎክ (ቀለም ተቀብቶ የሚታተመው ቅርጽ ሊኖሊየም) ሌላውን ከሚነካበት ጠርዝ ላይ ነው የሚል ነው። ለዚህ ከፎሊ ኮቭ ዲዛይነሮች የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ፎሊ ኮቭ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በኬፕ አን ጠረፍ ያለች ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ናት። ቨርጂኒያ ሊ በርተን (1909–1968) ከባለቤቷ ከቀራጺው ጆርጅ ዴሜትሪዮስ ጋር እዚያ ትኖር ነበር። ዓለም የሚያውቃት በልጆች መጻሕፍቷ ነው፤ በ1942 የታተመው «ትንሿ ቤት» በማግስቱ ዓመት የካልዴኮት ሜዳሊያን አስገኝቶላታል (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ለዲዛይነሮቹ ቡድን መነሻ የሆነው የንድፍ ትምህርቷ የተጀመረው በ1938 ገደማ፣ እንደሚነገረው በጎረቤታሞች ውለታ ነው፦ አይኖ ክላርክ የበርተንን ልጆች ቫዮሊን ታስተምር፣ በርተን ደግሞ ለእሷ ንድፍ ታስተምር። ቀስ በቀስ ሌሎችም መጡ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የሥነ ጥበብ ትምህርት ያልቀመሱ ብዙ ነበሩባቸው፤ ከአካባቢው የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ወገን የሆኑ የፊንላንድ ዝርያዎችም ነበሩባቸው። የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን በ1940 አሳዩ፤ በ1969 ተበተኑ።

የመረጡት ቁስ ራሱ ተራ ነው። ሊኖሊየም እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ ለወለል ንጣፍ የፈለሰፈው ነገር ነው፤ በአየር የጠጠረ የተልባ ዘይት ከቡሽ ዱቄት ጋር ተለውሶ በቃጫ ጨርቅ ላይ ይለበጣል። እንደ እንጨት ጭረት የለውም። መቅረጫው ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ በቀጥታም በክብም እኩል ይሄዳል። ቪየና ውስጥ የሥነ ጥበብ መምህሩ ፍራንዝ ቺዤክ ለሕፃናት የሰጣቸው በዚህ የተነሳ ነው። ሆኖም ይህ ልዝብነቱ ለጀማሪ ወጥመድ ነው ባይ ነኝ። እንጨት እምቢ ሲል ተማሪው ቆም ብሎ ያስባል፤ ሊኖሊየም ግን እሺታው ስለሚበዛ ያልታሰበበት መስመር ሁሉ ይገባበታል። እናም ማስገደጃው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በርተን ማስገደጃውን ያገኘችው ከቤት ሥራው ነው።

ተማሪዎቿ ብሎክ ከመንካታቸው በፊት ለወራት ወረቀት ላይ ይሠሩ ነበር። መልመጃው የሚጀምረው ከቀላል ቅርጾች ነው፤ አንዱን ቅርጽ ከትልቅ ወደ ትንሽ ማውረድ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ በግራጫ ደረጃዎች ማለፍ፣ ገልብጦ መድገም፣ በክብ ማዞር። ከዚያ በኋላ ነው ተማሪዋ ከአካባቢዋ አንድ ነገር የምትመርጠው። ሕጉ ጥብቅ ነበር፦ የምታውቂውን ሣዪ። ከመጽሐፍ የተቀዳ ጽጌረዳ ተቀባይነት የለውም፤ ከጓሮ ያለ ሽንኩርት ግን አለው። የመረጠችውን ነገር ደጋግማ ትሥላለች፤ ሥሩን፣ አበባውን፣ የጎኑን ገጽታ፣ ከላይ ሲታይ ያለውን መልክ፣ ነገሩ ከእጇ እስኪዋሐድ ድረስ። ንድፉ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በሊኖሊየም ህትመት ያልተቀረጸው ቀለም ይይዛል፣ የተቀረጸው ባዶ ይቀራል። አንዴ ብቻ የሚታተም ሥራ ላይ ባዶው ዳራ ነው፤ ማንም ብዙ አይጨነቅበትም። ብሎኩ ሃያ ጊዜ ጎን ለጎን ሲታተም ግን በአንዱ ቀኝ ጠርዝ ያለው ባዶ ከሚቀጥለው ግራ ጠርዝ ባዶ ጋር ይደመርና ማንም ያልቀረጸው ሦስተኛ ቅርጽ ይወጣል። ጥንቃቄ ከጎደለ ይህ ቅርጽ በጨርቁ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ ቦይ ይሆናል፤ ዓይን አበባውን ትቶ ቦዩን ብቻ ያያል። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሸማኔው አንዷን መስቀል የሚያስባት ከጎረቤቷ ጋር ነው። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ለሸማኔ የድርና የማግ ቆጠራ ድግግሞሹን ይጠብቅለታል፤ ብሎክ ቀራጯ ግን የምትቆጥረው ድር የላትም፣ ስምምነቱን በዓይኗ መሥራት አለባት። የበርተን የግራጫ ደረጃዎች መልመጃ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ጥቁሩና ነጩ በመሀል ግራጫ ደረጃዎች ከተገናኙ ጠርዙ አይጮኽም።

አተማመኑም ከዚህ አይለይም። ጨርቁ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል፣ ቀለም የተቀባው ብሎክ በፊቱ ይደፋበታል፣ አታሚዋም ላዩ ላይ ወጥታ በእግሯ ትረግጠዋለች፤ አንዳንዴም ትዘልበታለች። ማተሚያ መኪና ቆይቶ ቢመጣም በእግር ማተሙ የቡድኑ መለያ ሆኖ ቀርቷል። የሰውነት ክብደት በሁሉም ርግጫ እኩል አይወርድምና ጨርቁን ቀርቦ ያየ ሰው የቀለሙ ውፍረት ከአንዱ ድግግሞሽ ወደ ሌላው በጥቂቱ ሲለዋወጥ ያያል። ስህተት ብለው አላረሙትም፤ ጥሩ አደረጉ። ፋብሪካ ያተመው ጨርቅ ይህ መወላወል ይጎድለዋል።

ከቡድኑ ሥራዎች የአባሉ የኢኖ ናቲ «ፖሊፌመስ» ላይ ማተኮር እወዳለሁ። ጉዳዩ የድንጋይ ካባ ባቡር ነው። ብረትና ድንጋይ ለመጋረጃ ወይም ለጠረጴዛ ልብስ የሚታሰብ ነገር አይመስልም፤ ነገር ግን ባቡር በባሕርዩ ተከታታይ ስለሆነ ድግግሞሹ ከውጭ የተጫነበት አይመስልም። በርተን ራሷ በልጆች መጻሕፍቷ ያደረገችው ከዚህ የራቀ አይደለም። «ትንሿ ቤት» ውስጥ ቤቷ ከገጽ ገጽ በቦታዋ ስትጸና ዙሪያዋ ይለዋወጣል። መጽሐፉን የጨርቅ ንድፍ ብለን ብናነበው ብዙም አንሳሳትም።

እዚህ ላይ ወደ አገር ቤት አንድ ጊዜ ልመለስ። አዲስ አበባ በሚገኘው፣ አለ ፈለገሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ ጀርመን ተወላጁ ሐንሰን ባሂያ የህትመት ጥበብ አስተምሯል። የእንጨት ቅርጽ ህትመት ለእሱ በወረቀት ላይ የሚቆም፣ ተፈርሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ ነበር። የህትመት ጥበብን ሳስብ ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይኸው የተፈረመ ወረቀት ነው። ለመለበስና ለመታጠብ የተሠራ ህትመት በሌላ መመዘኛ ይመዘናል።

ቡድኑን ከነቀፋ ማዳን አልፈልግም። ንድፍ ሁሉ ሊቀረጽ የሚችለው ከአባላቱ በተውጣጡ ዳኞች ፊት ካለፈ በኋላ ነበር። ዳኝነቱ ጥራቱን ጠበቀ፤ ግን አጠበበውም። ብዙ ናሙናዎችን በተከታታይ ያየ ሰው የተለያዩ ሰዎችን እጅ መለየት ይቸግረዋል፤ በክብ የሚዞረው ስብጥር፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርደው ተርታ፣ የተሞላው ጠርዝ ሁሉ በርተንን በርተንን ይላሉ። ተማሪዋ ነፃ ወጣች ወይስ የመምህሯን ዓይን ወረሰች? መልሴ ሁለተኛው ነው፤ ግን ለጀማሪ ይህ የሚናቅ ውርስ አይደለም። በ1945 ሎርድ ኤንድ ቴይለር የተባለው የኒውዮርክ መደብር አምስት ንድፎች ሲገዛቸው በር ተከፍቶላቸው ነበር። እነሱ ግን የሠሩትን በእጃቸው የሚያትሙ አነስተኛ ማኅበር ሆነው መቀጠልን መረጡ። ውሳኔው ገበያውን ቢያሳጣቸውም የመማሪያ ክፍሉን አተረፈላቸው።

በርተን በ1968 ስትሞት ማኅበሩ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ፤ የናሙና መዝገቦቹና ሌሎች ሥራዎቹ ዛሬ በኬፕ አን ሙዚየም ይገኛሉ። ዘዴዋን የሚያስረዳ መጽሐፍ መጻፍ ጀምራ ነበር፤ ሳትጨርሰው ቀረ። መልመጃዎቹን በቅደም ተከተል ማስፈር የሚከብድ አይመስለኝም። የዳኞቹን ሸንጎ፣ ማለትም አንዲት ጎረቤት ወራት የደከመችበትን ሽንኩርት ሌላዋ ጎረቤት «ጠርዙ ገና ነው፣ መልሺው» የምትልበትን ስብሰባ በመጽሐፍ ማስፈር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።