«የሥራ ልምድ፦ የለም»፤ በሲቪ አጻጻፍ ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በደምበጫ የሥራ ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግስት የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች በአመልካቾች ይጣበባሉ። ጸሐፊዋ ቀደም ሲል ለሌላ ሰው ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ከፍታ ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑንና የስልክ ቁጥሩን ትለውጣለች፤ የቀረው እንዳለ ይታተማል። በዚህ አኳኋን አሥር ወጣቶች አንድ ዓይነት ሲቪ በአሥር ስም ይዘው ይወጣሉ። «የሥራ ልምድ» በሚለው ርእስ ሥር የሚገኘውም ቃል በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ «የለም»።

ሲቪ፣ ማለትም የትምህርትና የሥራ ታሪክ መግለጫ፣ ዓላማው ቀጣሪ ያላየውን ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዲመዝን ማስቻል ነው። ከላይ የተገለጸው ወረቀት ይህን ዓላማ አይፈጽምም። ለጉድለቱ ግን ጸሐፊዋ ልትወቀስ አይገባም። ቅጹን የምትገለብጠው ወጣቱ የሚያስጽፋት ነገር ይዞ ስላልመጣ ነው። ወጣቱም ባዶ እጁን የመጣው ትምህርት ቤት ሲቪን የቅጽ አሞላል አድርጎ ስላስተማረው፣ ወይም ጨርሶ ስላላስተማረው ነው።

ቅጹ ሲመረመር ሦስት ጉድለቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የማያስፈልገውን ማብዛቱ ነው። ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሃይማኖት፣ በጾታና በብሔር ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። እንግዲህ አመልካቹ ሊመዘንበት የማይገባውን ነገር በራሱ እጅ አስቀድሞ ማቅረቡ ጥቅሙ አይታይም። ሁለተኛው ጉድለት የቅጽሎቹ ብዛት ነው። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫናን የሚቋቋም» የሚሉት ቃላት ማስረጃ ካልተከተላቸው ስለ ማንኛውም ሰው ሊባሉ ይችላሉ፤ ስለዚህም ስለ ማንም አይናገሩም። ሦስተኛው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ፣ ማስታወቂያውም በአማርኛ ወጥቶ ሳለ፣ መግለጫው ባለቤቱ በማይገባው እንግሊዝኛ ይጻፋል። በቃለ መጠይቅ ጊዜ «ይህ ምን ማለት ነው?» ሲባል የሚያፍረው ወጣቱ ነው። እንግሊዝኛ በሚጠይቅ ድርጅት ዘንድ በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ባለቤቱ እያንዳንዱን ቃል ማስረዳት መቻል አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «የለም» የሚለው ቃል ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቀዋል። የእነዚህ ተቋማት ሥራ ከእርሻ ምርት ጋር የተያያዘ ነው። በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ገጠር ያደገ ወጣት በቆሎ ፈልፍሏል፤ በርበሬ ለቅሞ በየደረጃው ለይቷል፤ ምርት ገበያ አውጥቶ ሸጧል። በወረቀቱ ላይ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ፈትቶ የኖረ ይመስላል።

ለምሳሌ ያህል፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ማዳበሪያ ሲከፋፈል መዝገብ የያዘ ተማሪ ቢኖር፣ «የለም» በማለት ፈንታ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «በ2013 እና በ2014 ዓ.ም.፣ በግንቦትና በሰኔ ወራት፣ በቀበሌው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ያለ ክፍያ በመዝጋቢነት አገልግያለሁ። የተረካቢዎችን ስምና የወሰዱትን ኩንታል እመዘግብ፣ በየማታውም ከመጋዘኑ ቀሪ ጋር አመሳክር ነበር። የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ምስክሬ ናቸው።» በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ፣ ተግባሩና ምስክሩ ተሟልተዋል። ከዚህ በኋላ «ታታሪ» የሚለው ቃል አያስፈልግም።

አሠራሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሲሻገር «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቀጥሎም ቅኔውን አሰማ ይባላል። የመምህሩ ስም ምስክር፣ ቅኔው ማስረጃ ይሆናሉ። በውጭው ዓለምም ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ በጻፈው ደብዳቤ፣ ድልድይና የጦር መሣሪያ መሥራት መቻሉን በተራ ዘርዝሮ፣ ሥዕልን ያነሣው በመጨረሻ ነው። ማስቀደም የሚገባው ለተቀባዩ የሚያስፈልገውን መሆኑን ተረድቶ ነበር።

ራስን ማመስገን በኅብረተሰቡ ዘንድ ነውር ስለሆነ ወጣቱ ያደረገውን ለመናገር ያፍራል የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የተሠራን ሥራ ከነዘመኑና ከነምስክሩ ማስፈር ውዳሴ ሊባል አይችልም። ይኸው ሥርዓት ያልሠሩትን ሠራን ለማለት የሚከጅሉትንም ይገታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ብዙዎች ናቸው። እነዚህም ክፍተቱን በሐሰት ዘመን ከመሙላት ይልቅ መቋረጡን በአንድ መስመር ገልጸው፣ በዚያ ወቅት የሠሩትን ቢያሰፍሩ ይሻላቸዋል።

ስለሆነም ትምህርቱ በ12ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚታለፍ መሆኑ ሊቀር ይገባል። ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ቤት፣ በቤትና በቀበሌ የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር ይኑረው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከከተማው ሰሌዳ የተገለበጠ እውነተኛ ማስታወቂያ ቀርቦ ተማሪዎች ለዚያው ይጻፉ፤ እንደ ቀጣሪ ሆነውም እርስ በርሳቸው ይመዛዘኑ። መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ለቅጹ ውበት ሳይሆን ማስረጃ ላለው ዐረፍተ ነገር ይሁን። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ምሳሌዎቻቸውን ከቢሮ ብቻ ሳይሆን ከማሳ፣ ከወፍጮ ቤትና ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጭምር ቢወስዱ መልካም ነው።

ሲቪ የሥራ ቦታ አይፈጥርም። ለአንድ ቦታ ብዙ አመልካች በሚቀርብበት ጊዜ በሚገባ የተጻፈውም ሊወድቅ ይችላል። ሆኖም ሠርቶ ያደገ ልጅ «የለም» ከሚል ቃል ሥር ስሙን እንዳይፈርም ማድረግ የትምህርት ቤት ድርሻ ነው።