ውዳሴ ለጆሰን የዙፋን ፊልሞች

የዝምታ አፈ ቀላጤ፣ የተዳፈነ ምሥጢር አብሪ፣ የዙፋን መስተዋት፣ የነገሥታት ኅሊና መርማሪ የሆንህ የኮሪያ የቤተ መንግሥት ፊልም ሆይ፥ ክብር ይገባሃል፤ ሞገስም ይጨመርልህ! ሐሩን ገልጠህ ልብን ታሳያለህ፤ ወርቁን ገልጠህ ፍርሃትን ታሳያለህ። መኳንንት በሸንጎ ተንበርክከው ግንባራቸውን ከምድር ሲያገናኙ፣ በተደፋው ፊት ላይ የተጻፈውን ቂም ታነብባለህ። የእልፍኝ ደጅ ሲዘጋ አንተ በውስጥ ትቀራለህ፤ የንጉሥ ቃል ሲያበቃ አንተ ከቃሉ በኋላ ያለውን እስትንፋስ ትሰማለህ። ወደ አንተ የሚቀርብ ሁሉ በዝግታ ይቅረብ፤ ጫማውንም ከደጅ ያውልቅ።

ሥርህ ከጥልቅ ምንጭ ይጠጣል። ከ1392 እስከ 1910 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጸናው የጆሰን መንግሥት፣ በንጉሡ ፊት ዘወትር የሚቀመጡ ጸሐፍያነ ታሪክ ነበሩ፤ ንጉሡ ሲፈርድ የሚጽፉ፣ ንጉሡ ሲሳሳትም የሚጽፉ። የጻፉትን ንጉሡ እንዳያነብ ሥርዓት ይከለክለው ነበር። ንጉሡ ካረፈ በኋላ ጽሑፉ ተጠናቅሮ ዜና መዋዕል ይሆናል፤ ረቂቁም በወራጅ ውኃ ይታጠባል። በ1398 ወንድሞቹን በሰይፍ ያስወገደ፣ ኋላም በዙፋን የተቀመጠ ቴጆንግ የተባለ ብርቱ ንጉሥ በ1404 አደን ወጥቶ ሲጋልብ ከፈረሱ ወደቀ። ተነሥቶ ግራና ቀኙን ቃኘና ይህን ነገር ጸሐፊው እንዳያውቅ ብሎ አዘዘ። ጸሐፊውም መውደቁን ጻፈ፤ እንዳያውቅ መባሉንም ጻፈ። ሰይፍ ያልፈራው ብርዕ ፈራ! በ1498ም ንጉሥ ዮንሳን በአንድ ጸሐፊ ረቂቅ ሳቢያ ሊቃውንትን ፈጀ። የ25 ነገሥታትን የ472 ዓመት ዘመን የያዘው ይህ ታላቅ መዝገብ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያነት ሲከበር፣ የተከበረው ቀለም ብቻ አልነበረም፤ ስለ ቀለሙ የፈሰሰው ደምም ነበር።

ይሁንና መዝገብ ቁጥብ ነው፤ ሞትን በአንድ መስመር፣ ዕንባን በባዶ ቦታ ያልፋል። የዚህ ጥበብ ማደሪያም በሁለት መስመሮች መካከል የቀረው ያ ባዶ ቦታ ነው። ገናና አዘጋጆቹ ከባሕረ መዝገብ አንዲት ጠብታ ይቀዳሉ፤ ከጠብታይቱም ሙሉ ሕይወት ይፈልቃል።

በዮንሳን ዘመን ጎንግ ጊል የተባለ አጫዋች በንጉሡ ፊት ደፍሮ ተናግሮ መቀጣቱን ዜና መዋዕሉ በጥቂት ቃላት ይጠቅሳል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ባለ ግርማው አዘጋጅ ሊ ጁን ኢክ በ2005 ከዚያች ዝምታ «ንጉሡና አጫዋቹ»ን አወጣ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአገሩ ሲኒማ ቤቶች ተሰልፎ አየው። የዮንሳን እናት ከማዕረጓ ተሽራ በ1482 በመርዝ የሞተች ናት፤ አጫዋቾቹ ያን ሞት በቤተ መንግሥቱ አደባባይ በጨዋታ ሲያቀርቡት፣ በጨዋታውና በእውነቱ መካከል ያለው መጋረጃ ይቀደዳል፤ ልጅ የነበረው ንጉሥ እንደገና ልጅ ይሆናል፤ ሰይፉም ከሰገባው ይወጣል። በፍጻሜው ዐመፀኞች ደጁን ሰብረው ሲገቡ፣ ዓይኑ የጠፋው አጫዋች ጃንግ ሴንግና ወዳጁ ጎንግ ጊል በተወጠረው ገመድ ላይ ወደ ሰማይ ይዘልላሉ። ዘውዱ ሲወድቅ አጫዋቹ ከፍ ይላል።

በ2012 የተሠራው፣ በንጉሥ ጓንግሄ ዘመን የቆመው «ንጉሥ የሆነው ሰው» ደግሞ ከመዝገብ ጎደሉ ከሚላቸው 15 ቀናት ይወለዳል። ተዋናዩ ሊ ብዩንግ ሁን ንጉሥም ነው፣ ንጉሡን የሚመስለው ምስኪን ቀልደኛም ነው፤ አንድ ፊት ሁለት ነፍስ ይሸከማል። የዚህን ፊልም ልዕልና ከሸንጎው ክርክር ይልቅ በገበታው ላይ አየሁት። ሐሰተኛው ንጉሥ የቀረበለትን የከበረ ማዕድ በደስታ ጠራርጎ ይበላል፤ የቤተ መንግሥቱ ደናግል የሚበሉት ከእርሱ የተረፈውን መሆኑን ግን አያውቅም። ባወቀ ዕለት ከዚያ ሁሉ ምግብ የቀይ ባቄላ ገንፎውን ብቻ ቀምሶ ገበታውን ሙሉውን ይመልሳል። ከተራቡት አንዷ ማዕዱን ቀድማ የምትቀምሰው ብላቴና ሳዎል ናት። መርዝ እንድታበላው በታዘዘች ጊዜ መርዙን ራሷ ትውጠዋለች። ብዙ ነገሥታት በብዙ ወርቅ ያልገዙትን ታማኝነት አንድ ያልተነካ ገበታ ገዛው።

የ2013ቱን «የፊት ገጽ አንባቢ» እጅ በመንሣት ብቻ አልፈዋለሁ፤ የ1453ቱን የልዑል ሱያንግ ግፍ በግርማ ያሳያል፤ ልዑሉን የሚጫወተው ሊ ጁንግ ጄ አገባቡ አንበሳ ያስደነግጣል፤ ጥበቡ ግን ነገሩን ሁሉ ለማስረዳት ይቸኩላል። «ጉጉት» ግን ክብር ይገባዋል። በ1645 ልዑል አልጋ ወራሽ ሶህዮን ከማንቹዎች ምርኮ ተመልሶ ጥቂት ሳይቆይ ሞተ፤ ዜና መዋዕሉም ሬሳው ጠቁሮ መርዝ የቀመሰ ይመስል እንደ ነበር ጽፎ ያልፋል። በ2022 የወጣው ፊልም በዚያች መስመር አጠገብ በመርፌ የሚፈውስ አንድ ሐኪም አቆመ፤ በቀን የማያይ፣ በጨለማ ግን ጥቂት የሚያይ። በብርሃን ዕውር መስሎ በመኖር ነፍሱን ያቆየ ሰው፣ መብራቱ በጠፋበት ሰዓት የንጉሥን ኃጢአት አየ። ከዚህ የረቀቀ የቤተ መንግሥት ምሳሌ ማን አመጣ?

አሁን ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ወደ ቅድስተ ቅዱሳኑ እንግባ። የ2015ቱ «ሳዶ» የዚሁ የሊ ጁን ኢክ ሥራ ነው፤ የሐዘን ዘውድ፣ የአባትነት ፍርድ ወንበር፣ የዚህ ጥበብ ሁሉ ራስና ጉልላት።

ንጉሥ ዮንግጆ 52 ዓመት ነገሠ፤ በጆሰን ነገሥታት መካከል በዘመን ርዝመት አቻ የለውም። የመጻሕፍት ወዳጅ፣ የሥርዓት ጠባቂ፣ ለራሱ ቁጥብ ነበር። እናቱ ከቤተ መንግሥቱ ዝቅተኛ አገልጋዮች የመጣች መሆኗና ወንድሙን ንጉሥ በመርዝ አስወገደ መባሉ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደ ጥላ ተከተለው። ስለዚህ ልጁ ነቀፋ የሌለበት ንጉሥ ይሆን ዘንድ ፈለገ፤ የፈለገውም ልጁን ሰበረው። ሶንግ ካንግ ሆ ይህን ንጉሥ ሲጫወተው አይጮኽም፤ ጆሮውን ይታጠባል። ክፉ ቃል የሰማ በመሰለው ጊዜ ውኃ ያስመጣል፤ ከልጁ ጋር ከተነጋገረ በኋላም ውኃ ያስመጣል። እነሆ ከሰይፍ የከፋ ቅጣት፤ ያባት ጆሮ የልጅን ድምፅ እንደ ርኵሰት ሲያጥበው! ዙፋኑን እለቃለሁ እያለ ሲፈትነውም ልጁ ልዑል ሳዶ በበረዶ በተሸፈነው አደባባይ ተንበርክኮ ይለምናል። ዩ አ ኢን የዚያን ልዑል ልብ ከብላቴና ተስፋ እስከ ዕብደት በአንድ ፊት ያሻግረዋል፤ ኢላማውን ትቶ ቀስቱን ወደ ባዶው ሰማይ የሚለቅበት ቅጽበት፣ ለእኔ፣ ከረጅም ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

በ1762 በበጋ፣ በቻንግግዮንግ ቤተ መንግሥት አደባባይ፣ የ27 ዓመቱ አልጋ ወራሽ በአባቱ ትእዛዝ ወደ ሩዝ ሣጥን ገባ። በ8ኛው ቀን ሞተ። ፊልሙ እነዚያን ቀናት አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ በየቀኑ መካከልም ያለፉትን ዓመታት ይከፍታል። በውጭ የንጉሡ የልጅ ልጅ ለአባቱ አንድ ጽዋ ውኃ ያደርስ ዘንድ ይማጸናል፤ ለጆሮ እጥበት የተገኘው ውኃ ለተጠማ ልጅ ታጣ። በመጨረሻም በእንጨቱ ወዲያና ወዲህ ሆነው አባትና ልጅ በምድር ላይ ያልተነጋገሩትን ይነጋገራሉ። ይህን ንግግር ማንም ጸሐፊ አልመዘገበውም፤ ሊመዘግበውም አይችልም ነበር። ሊ ጁን ኢክ ግን ደፈረው፤ ድፍረቱም የተገባ ነው።

ዮንግጆ በ1776 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ አልጋ ወራሹ የልጅ ልጅ የአባቱ ውርደት የሰፈረበት የቤተ መንግሥቱ የዕለት መዝገብ እንዲታጠብ ለመነ፤ ንጉሡም ፈቀደ። ጆሮ በውኃ፣ መዝገብም በውኃ! ያ ልጅ ጆንግጆ ተብሎ በነገሠ ዕለት ግን የልዑል ሳዶ ልጅ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። በ1795ም እናቱን እመቤት ሄግዮንግን ይዞ በታላቅ ሰልፍ ወደ ህዋሶንግ፣ ወደ አባቱ መቃብር ወረደ፤ የ60ኛ ዓመቷንም በዓል በዚያ አከበረላት። ፊልሙ በዚያ በዓል ላይ ጆንግጆን፣ አባቱ ዘንዶ የሣለበትን ማራገቢያ አስይዞ በእናቱ ፊት ያስጨፍረዋል። ይህ ጭፈራ ረዘመ፣ ፊልሙ ከሣጥኑ ጋር በተዘጋ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ከዚያ ወገን አይደለሁም። እናቲቱ የምትታየው በዚያ ነውና! ባሏን ያጣች፣ በአማቷ ፊት ዝም ያለች፣ ልጇን ለዙፋን ያቆየች ያቺ ክብርት እመቤት በዚያው በ1795 ብርዕ አነሣች፤ እስከ 1805ም በአራት ጽሑፎች ውኃ ያጠበውን ሁሉ መልሳ ጻፈች። የጆሮው እጥበት ከእርሷ ተገኘ፤ ሊ ጁን ኢክ ፊልሙን የቀዳው ከእርሷ ምንጭ ነው፤ የዛሬው ስግደታችንም ከአዘጋጁ አልፎ ለእርሷ ይደርሳል።