«የበሰለ» እና «ጥራት ያለው»፦ በሁለት ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ሳይጎለምስ ከሴት ኦቫሪ የተወሰደን እንቁላል በቤተ ሙከራ፣ ሆርሞን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አቆይቶ ለፅንስ የማዘጋጀት ጥበብ አዲስ አይደለም። ሮበርት ኤድዋርድስ የሰው እንቁላል ከአካል ውጭ ሊጎለምስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1965 አሳይቷል፤ በዚሁ መንገድ የተገኘ የመጀመሪያው ልደትም እ.ኤ.አ. በ1991 ከኮሪያ ተዘግቧል። የአማርኛ ስሙ ግን ገና አልረጋም።

ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው «ማብሰል» ነው። ቃሉ ለፍራፍሬ ቢስማማም ከ«እንቁላል» ጋር ሲጣመር አንባቢውን ወደ ማጀት ይወስደዋል። «ማድረስ» ደግሞ የደረሰ አዝመራን ቢያስታውስም እንቁላሉን ከቦታ ወደ ቦታ መውሰድ ይመስላል። «ማጎልመስ» ከሁለቱም ይሻላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጉልምስናው ድርብ ነውና።

የኑክሌስ ጉልምስና በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ እንቁላሉ ከክሮሞዞሞቹ ግማሹን በትንሽ ህዋስ መልክ ወደ ጎን ያስወጣል። ይህም በአብዛኛው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። የሳይቶፕላዝም ጉልምስና፣ ማለትም የሚቶኮንድሪያ መደላደልና ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመራበት የአር ኤን ኤ ክምችት፣ እንዲህ በቀላሉ አይታይም፤ ከኑክሌሱም ሊዘገይ ይችላል። ገበሬም አገዳው ቢጫ ስለ ሆነ ብቻ ዛላው ፍሬ ቋጥሯል አይልም።

ሁለተኛው ችግር «ጥራት» ነው። ሥሩ «ጠራ» ነው፤ ውሃ ይጠራል፣ ሰማይ ይጠራል፤ ፈራጁ ዓይን ነው። በዚህ መስክ የሚፈለገው ግን እንቁላሉ ከወንዴው ዘር ጋር ተዋሕዶ ጤናማ ሽል ለመሆን መቻሉ ነው። ለዓይን የጠራ እንቁላል ይህ ኃይል ሊጎድለው ይችላል። ስለዚህ «የእድገት ብቃት» የሚለው ሐረግ ሐሳቡን በትክክል ይይዛል።

ነገሩ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ክርክር ብቻ አይደለም። ፈቃዷን በፊርማ የምታረጋግጥ ሴት «ጥራት ያላቸው አምስት እንቁላሎች ጎልምሰዋል» ተብሎ ቢነበብላት፣ አምስት ፅንስ የተቆጠረላት ሊመስላት ይችላል። ይሁንና በቤተ ሙከራ ከጎለመሱ እንቁላሎች የሚገኘው ውጤት፣ በሆርሞን መርፌ በአካል ውስጥ ከጎለመሱት ጋር ሲነጻጸር በጥቅሉ ያነሰ ነው። «አምስቱ የኑክሌስ ጉልምስናን ፈጽመዋል፤ የእድገት ብቃታቸው ገና አልታወቀም» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ተስፋዋ ግን ልኩን ያገኛል።

እንግዲህ «ጉልምስና» በሁለት ተከፍሎ፣ «የእድገት ብቃት» ደግሞ በ«ጥራት» ምትክ እንዲመዘገብ እናሳስባለን።