ስለ ኬድ የሊቲየም ጽሑፍ አንዳንድ አስተያየት

አውስትራሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አጭር ጽሑፍ በሕክምና ታሪክ ትልቅ ስፍራ ተሰጥቶታል፤ ይገባዋልም። ማኒያ የሚባለው ደዌ ያወካቸው ዐሥር ሕመምተኞች ሊቲየም ወስደው መረጋጋታቸውን ይነግረናል። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ ጉራም የለበትም። እኛ የምንነቅፈው መድኃኒቱን ሳይሆን መጠኑን መቈጣጠሪያ የሆነውን መንገድ ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከእንስሳቱ ነው። ኬድ ጊኒ ፒግ የሚባሉት እንስሳት ሊቲየም ሲወጉ መፍዘዛቸውን አይቶ ነገሩ መንፈስን ያረጋጋል ሲል ገመተ። ያ መፍዘዝ ግን የመመረዝ ምልክት ሳይሆን አይቀርም። በሰውም ላይ ይኸው ችግር ተከተለ። የደም ልኬት ስላልነበረ ሐኪሙን የሚመራው የሚታይ ምልክት ብቻ ነበር፤ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ሲመጣ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ይህ ዘዴ አካሉ ጤነኛ ለሆነ ሰው ምናልባት ይበቃል። ሕመምተኛው አስቀድሞ አሜባ ቢኖርበትስ ተቅማጡ ከየት እንደ መጣ በምን ይለያል? ይባስ ብሎም ተቅማጥ ራሱ ውሃንና ጨውን ከሰውነት ያወጣል፤ ኩላሊትም የጐደለውን ጨው ለመመለስ ሲጣጣር ሊቲየሙን አብሮ ይመልሰዋል። ስለዚህ ያው ምልክት የመመረዝ ውጤትም ምክንያትም ይሆናል። የኬድ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በ1950 በዚሁ መድኃኒት ተመርዞ ሞተ።

በዚያው በ1949 በአሜሪካ የደረሰው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። በልብና በደም ብዛት ሕመም ምክንያት የገበታ ጨው ለተከለከሉ ሰዎች ሊቲየም ክሎራይድ በጨው ምትክ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ የቀረበው ኩላሊታቸው አጥብቆ ሊይዘው ለተዘጋጀ ሰዎች ነው! ብዙዎች ታመሙ፤ የሞቱም አሉ፤ ሽያጩም ተከለከለ። አሜሪካኖች ሊቲየምን ለማኒያ ሕክምና የፈቀዱት ገና በ1970 ሲሆን፣ ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ፍርሃት ነበር። በእኛ አስተያየት ፍርሃቱም ከኬድ ጉድለት አይለይም፤ ሁለቱም መድኃኒቱን አይተው ተቀባዩን አካል አላዩም።

ኖአክና ትራውትነር በ1951 በሜልበርን ሊቲየምን በደም ውስጥ እየለኩ መስጠትን አሳዩ። ዛሬ ደሙ የሚወሰደው ከመጨረሻው መጠን 12 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ ከ1.5 በላይ መመረዝ ያሠጋል። ርቀቱ ጠባብ ነው። ባለፈው ወር ልኩ የተስተካከለለት ሰው የውስጥ ደዌ ሐኪም ለደም ብዛቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ኤናላፕሪል ቢያዝለት፣ ወይም ለጕልበቱ ሕመም ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ቢገዛ፣ የሊቲየሙ መጠን ሳይጨመር በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል። የአእምሮ ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ኬድ ከነበረበት ስፍራ ብዙ አልራቀም። ጽሑፉ በአእምሮ ሕክምና ትምህርት ብቻ ሳይሆን የኩላሊት ሥራ በሚጠናበት ክፍልም ቢነበብ እንመርጣለን።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የላቦራቶሪ ክትትል በሌለበት ሊቲየም እንዳይታዘዝ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በምትኩ ቫልፕሮኤት ሲታዘዝ፣ ተቀባይዋ ልትፀንስ የምትችል ሴት ከሆነች፣ አደጋው ወደ ፅንሱ ይዛወራል።