የኡድናዳታን መንገድ ሳታዩ አውስትራሊያን አየን አትበሉ!

ሜልበርን ከምንኖር ሐበሾች አንዱ እንኳ ይህን ሳይነግረኝ እንዴት ቀረ? ፉትስክሬይ ቡና ቤት ተቀምጠን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ባንክ ወለድ ስንነታረክ ዓመታት አለፉ። ለካ ሁለት ቀን ቢነዳ እንዲህ ያለ አገር አለ! የኡድናዳታ ትራክ ይባላል፤ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ከማሪ እስከ ማርላ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ኮሮኮንች። አስፋልት የለም። ስልክ ለሰዓታት አይሠራም። ቀይ አፈር፣ ሰማይ፣ አልፎ አልፎ ቁጥቋጦ፣ በቃ። እኔ ግን ከመኪናው እየወረድኩ «ኧረ በእግዚአብሔር!» ስል ነበር የከረምኩት።

ያሳበደኝ ውሃው ነው። አዎ፣ ውሃ! ይህ ከአውስትራሊያ ደረቅ ቦታዎች ሁሉ የባሰው አካባቢ ነው፤ ከሥሩ ግን ታላቁ የአርቴዥያን ተፋሰስ ተኝቷል፤ ስፋቱ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከአህጉሩ አንድ አምስተኛ በላይ። በአህጉሩ ምሥራቅ ርቀው ባሉ ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ፣ ከመሬት በታች ዘመናት ተጉዞ፣ እዚህ ስንጥቅ ሲያገኝ ይወጣል። ዋብማ ካዳርቡ በተባለው ጥብቅ ሥፍራ «በብለር» የሚሏት ምንጭ አለች። ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብዬ አየኋት። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ከወለሉ ግን ግራጫ አሸዋ ክብ ሠርቶ ያብጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ እሳት ላይ እንደ ተጣደ ገንፎ ቧ! ብሎ ይፈነዳል። እንደገና ያብጣል። ፈልቶ እንዳይመስላችሁ፤ ግፊቱ ነው። የአገሩ ባለቤቶች የአራባና ሕዝቦች ሲተርኩ፣ ይህ የተገደለው የታላቁ እባብ የካንማሪ መንፈራገጥ ነው ይላሉ። እዚያ ቆሞ ላየው ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም!

ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ካዋርድ ስፕሪንግስ የተባለ ሥፍራ አለ። ድሮ ለባቡር ተብሎ ከተቆፈረ ጉድጓድ ዛሬም ውሃ ይፈልቃል፤ ዳሩ ቄጠማ፣ ከጎኑ የቴምር ዛፎች። ትንሿ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታችሁ ትገባላችሁ፤ ለብ ያለ ነው። የቀኑ አቧራ ከጆሯችሁ ጀርባ ሳይቀር ይለቅቃል። በረሃ መካከል! ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ነገሩ ሁሉ የተያያዘው በዚህ ውሃ ነው። አራባናዎች ከምንጭ ምንጭ ይሄዱበት የነበረውን መስመር አሳሹ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ተከተለው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 የተጠናቀቀው የቴሌግራፍ ሽቦ ስቱዋርትን ተከተለ፤ የእንፋሎት ባቡርም ውሃ ካላገኘ አይንቀሳቀስምና ሐዲዱ እዚሁ ተዘረጋ። ባቡሩ «ጋን» ይባል ነበር፤ ስሙ ከዛሬዎቹ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሕንድ ግመሎችን ይዘው ከመጡት ነጂዎች ጋር ይያያዛል። በእነዚህ ሰዎች ጫንቃ አውትባክ የሚሉት በረሃማ ገጠር ተገነባ ብል አላጋነንኩም፤ ማሪ ላይ የጭቃ መስጊድ ሠርተው ይሰግዱ ነበር። ይህ የድሮ መስመር እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ። አልጀበኪና ላይ ግን 578 ሜትር የሚረዝመው የብረት ድልድይ ዝጎ እንደ ቆመ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ፣ ድልድዩ ግዙፍ! ከሥሩ ባለው ኩሬ አጠገብ ድንኳን ተከልን።

የካቲ ታንዳ-ኤር ሐይቅን በቃላት ለመግለጽ አልሞክርም፤ ከባሕር ወለል 15 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ጨው ብቻ የሆነ አድማስ ነው። ከማሪ ወጣ እንዳላችሁ በጭራቸው የቆሙ ሁለት አውሮፕላኖች ብታዩ አትደንግጡ፤ የአንድ ቀራጺ ሥራ ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልበል፦ ድርቆሽ ለአውትባክ የተፈጠረ ነው! አይበላሽም፣ አይከብድም። ቡታጋዝ ላይ በበርበሬና በዘይት ቋንጣ ፍርፍር ሲሠራ፣ ቋሊማቸውን ሲጠብሱ የነበሩ ጎረቤቶቻችን ሰሃን ይዘው መጡ። ከዚያ ሸራ የለበሰ ፍራሻችን ላይ ተጋደምን። ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር! እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ዝንቡ? ዝንቡስ ይገድላል። የፊት መረብ ግዙ፣ አትኩሩ።

የምትሄዱት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ግን ብራ ነው። በበጋቸው አትሞክሩት፤ ኡድናዳታ እ.ኤ.አ. በጥር 1960 የ50.7 ዲግሪ ሙቀት የተመዘገበባት ከተማ ናት። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ይዘጋል፤ በዝግ መንገድ የነዳ ይቀጣል፤ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ከአስፋልቱ ስትወርዱ ጎማውን ትንሽ አስተንፍሱ፣ ትርፍ ጎማና በጄሪካን በቂ ውሃ ያዙ። መኪናው ከቆመባችሁ ጥላችሁ አትራቁ። የቀረው ቀላል ነው፦ ነገ ጠዋት አለቃችሁን ፈቃድ ጠይቁ።