ቁጥር የተሰጣቸው ልጆች

ሰባት ልጆቹን በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠራ አባት ምን ዓይነት ጀግኖች ያፈራል? «አምብሬላ አካዳሚ» የተሰኘው ኮሚክ የሚመረምረው ይህን ነው። ድርሰቱ የአሜሪካዊው ድምፃዊ የጄራርድ ዌይ፣ ሥዕሉ የብራዚላዊው የጋብሪኤል ባ ነው። የመጀመሪያው ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በ6 ክፍሎች ታትሞ በ2008 የአይስነርን ሽልማት አግኝቷል።

እናቶቻቸው የእርግዝና ምልክት ሳይታይባቸው በድንገት ከወለዷቸው 43 ሕፃናት መካከል ሰባቱን ባለጸጋው ሬጂናልድ ሃርግሪቭስ በማደጎ ወስዶ ዓለምን እንዲያድኑ ያሠለጥናቸዋል። በ10 ዓመታቸው በፓሪስ ያበደውን የኤፍል ማማ ድል ይነሣሉ። አድገው ከተበተኑ በኋላ የአባታቸው ቀብር ሲያሰባስባቸው ግን ከሐዘኑ የሚቀድመው የቆየ ቂም ነው።

የሥራው ዐቢይ ጥንካሬ የጀግኖቹን ቁስል ከጠላት እጅ አለመፈለጉ ነው። ባትማን ወላጆቹን በወንበዴ ጥይት የተነጠቀ ልጅ ነው፤ ጠላቱ የደጅ ሰው ነው። እዚህ ግን ቁስሉ የሚመጣው ከማዕዱ ራስ ከተቀመጠው ሰው ነው። ሉተርን ከሞት ለማትረፍ አባቱ ጭንቅላቱን በጎሪላ አካል ላይ ተክሎለታል። ሠዓሊው ያን ግዙፍ ትከሻ ከሰው ፊት ጋር አጋጥሞ ሲያሳይ፣ የአባት ሥራ ከልጅ ገላ እንደማይወልቅ ያለ ቃል ይናገራል።

ሰባተኛዋ ቫንያ ደግሞ ልዩ ተሰጥኦ የለሽም ተብላ ከሌሎቹ ተለይታ ያደገች ቫዮሊን ተጫዋች ናት። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ እንዲሉ፣ ከሁሉም የበረታው ኃይል የእርሷ መሆኑን ያስተዋለ ወንድም የለም። ይህን የሚነግራት ዓለምን በሙዚቃ ሊያጠፋ የተነሣ የኦርኬስትራ መሪ ነው። የተናቀ ልጅ መጀመሪያ ያመሰገነውን ይከተላል፤ ደራሲው ይህን እውነት በሚገባ ጨብጦታል።

የትረካው ድካምም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ቫንያ በጥቂት ገጾች ውስጥ ቆዳዋ ነጥቶ ነፍሰ ገዳይ ትሆናለች። የቁጣዋ ምክንያት ይነገራል፤ ቁጣዋ ግን አይደመጥም። በመጨረሻ አምስተኛው ወንድሟ ጭንቅላቷን በጥይት ይመታል፤ ከሞት ብትተርፍም ትረካው በዚህ ድርጊት ላይ ቆም ብሎ አያስብም። ክሱ በአባት ላይ ተመሥርቶ ፍርዱ በልጅ ላይ ይፈጸማል፤ አባትየው ገና ከመነሻው በሞት ከችሎቱ አምልጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የቀረበው ተከታታይ ፊልም በመጀመሪያው ምዕራፉ ለቫንያ ልጅነት ሰፋ ያለ ቦታ መስጠቱ የኮሚኩን ጥድፊያ ይበልጥ ያጎላዋል።

ቢሆንም ሥራው ሊነበብ የሚገባው ነው። መጽሐፉን የዘጋ አንባቢ ከልቡ የማይጠፋው ያበደው ማማ አይደለም፤ ወንድሞቿና እህቷ ሲዋጉ ዳር ቆማ የምትመለከተው ትንሽ ልጅ ናት።